ነፋስ የተከራየው ቀዳዳ

የእርግብ ኩስ ሽታ ልቤን በኩራት ይሞላዋል ብል ማን ያምነኛል? ይሞላዋል እንጂ! ባለፈው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ሐያት የወለደቻትን ሕፃን ስም ልናወጣ ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩና ባጃጅ ይዤ ወደ መንደራችን ታጠፍኩ። ዝናብ አካፍቶ ማቆሙ ነበር። የብርቱካኑን ማሳ አልፈን፣ ግቢው ገና ሳይታይ፣ ያ ሽታ መጣ። ፀሐይ ሲያግለው ውሎ ዝናብ የመታው ጡብ፣ የደረቀ ኩስ፣ ትንሽ ደግሞ የማሽላ አቧራ። ባለባጃጁ አፍንጫውን ያዘ።

"ምንድነው የሚሸተው እህቴ?" አለኝ።

"የቅድመ አያቴ ግንብ ነው" አልኩት።

ሳቀብኝ። ይሳቅ። እየሳቀብኝ ያሳደገኝ መንደር እንኳ በኋላ አፉን ይዟል።

ግቢያችን ውስጥ ያለው ግንብ የእርግብ ቤት ነው። በእጃቸው የሠሩት የአያቴ አባት ሐጂ ይማም ናቸው። ሐጂ ይማም መካ ደርሰው ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ በሆነ አገር የእርግብ ግንብ አይተው ዓይናቸው እዚያው ቀረ ይባላል። ሌላው ሐጂ ዘምዘም ውኃና መስገጃ ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው የግንብ አሠራር በጭንቅላታቸው ይዘው መጡ። ከወንዙ ዳር ሸክላ አፈር ቆፈሩ፣ አቦኩ፣ በእንጨት ቅርጽ ጡብ አወጡ፣ በግራር ፍልጥ ተኮሱ። መንደሩ በሳቅ ሞተ። እሳቸው ራሳቸው የሚያድሩት ሣር ቤት ውስጥ ነበራ! "ይማም ለወፍ ግንብ፣ ለራሱ ሣር" እያሉ በሠርጉም በደቦውም ዘፈኑባቸው። በኋላ በእርግብ ኩስ ያደገው ብርቱካንና ሎሚ ሲያፈራ፣ ያ የዘፈነው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ኩስ ሊለምን መጣ። ሐጂ ይማም ማንንም ባዶ አልመለሱም አሉ፤ ግን ቅርጫቱን ከመሙላታቸው በፊት ያንን ዘፈን ያዘፍኑት ነበር። የኛ ዘር እንዲህ ነው፤ ይሰጣል፣ አይረሳም።

ግንቡ ክብ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ትልቅ ጎተራ ይመስላል፤ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ግድግዳው የሰው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ወገቡ ላይ ጡቦቹ ወደ ውጭ ገፋ ብለው እንደ መቀነት ይዞሩታል፤ ከመቀነቱ በታች ያለው በኖራ ተለስኖ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። እንግዳ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ጌጥ አይደለም። ሸለምጥማጥ እንዳትወጣ ነው፤ ልስኑ ያንሸራትታታል፣ ልስኑን ብታልፍ መቀነቱ አናቷን ብሎ ይመልሳታል። ጣሪያው አንድም እንጨት የለበትም። ጡቡ ራሱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ አናቱ ላይ ክፍት ይተዋል፤ እርግቦቹ የሚገቡትና የሚወጡት በዚያ ነው። የሰው በር ደግሞ ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ያለች ጠባብ ነገር ናት፤ ተንጠልጥለህ፣ አንገትህን ሰብረህ ነው የምትገባው።

ከገባህ በኋላ ግን አጀብ ነው! ከወለሉ እስከ ጣሪያው ዙሪያውን ቀዳዳ፣ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ጥንድ እርግብ ጎጆ ነው። ከወለሉ በታች ሌላ ጨለማ ክፍል አለ፤ በጡብ ቅስት የተሸፈነ። ኩሱ እየተጠረገ፣ በወለሉ መካከል ባለች የእንጨት ክዳን በኩል ወደዚያ ይወርዳል። ከዚያ በግንቡ ጀርባ ባለች ዝቅተኛ መዝጊያ ተዝቆ ለብርቱካኑ ይወሰዳል። በቃ፣ ይኸው ነው ግንቡ። ለኔ ግን ከዚህ የበለጠ ቤት በወልድያም አላየሁም።

በቤታችን ልጅ ሲወለድ፣ ስም በሚወጣለት ቀን አንድ ቀዳዳ ይሰጠዋል። ወግ ነው፤ ከሐጂ ይማም ጀምሮ። "ይቺ የእገሊት ናት" ተብሎ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ ያቺን ቀዳዳ መጥረግ፣ ጫጩቶቿን መጠበቅ የልጁ ሥራ ነው። እርግብ ብዙ የፈለፈለችለት ልጅ ሲሳዩ ሰፊ ነው ይባላል።

የኔ ቀዳዳ ባዶ ነበር።

ከወለሉ አጠገብ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ረድፍ ላይ ነበረች። እርግብ ትመጣለች፣ አንገቷን ታስገባለች፣ ትወጣለች። አንዷ እንኳ አንድ ጭራሮ አስቀምጣ አታውቅም። አብራን የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ሐያት፣ በዓመት በጥቂቱ የምትበልጠኝ፣ ቀዳዳዋ ሁልጊዜ በጫጩት የተሞላ ነበር። "ሐሊማ ባዶ ቤት" ብላ ስም አወጣችልኝ፤ ትምህርት ቤት ድረስ ተከተለኝ። አለቀስኩ፣ ጎረበጠኝ፣ አንድ ቀን ከሐያት ጎጆ ጫጩት ሰርቄ ወደኔ አዛወርኩ፤ እናቲቱ ጮኻ ጮኻ መለሰችው።

በመጨረሻ እመው ሞሚናን ጠየቅሁ። እመው ሞሚና የሐጂ ይማም ልጅ፣ የአያቴ እህት ነበሩ። ባል አግብተው ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞተውባቸው ወደ አባታቸው ግቢ ተመለሱና የግንቡ ጠባቂ ሆኑ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ያቺን ከፍ ያለች በር መውጣት አቃታቸው። ከበሩ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና እኔን ያዝዙኛል። "ሁለተኛው ረድፍ ምን አለ? እንቁላል ተሰብሯል? ሽታው ምን ይላል?" እኔ ዓይናቸው ነበርኩ፤ ይህም ያኮራኝ ነበር።

"እመው፣ የኔ ቀዳዳ ለምን ባዶ ሆነ?" አልኳቸው።

"ባዶ አይደለም" አሉ፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ። "ነፋስ ተከራይቶታል።"

"ነፋስ?"

"አዎ፣ ነፋስ። ጥሩ ተከራይ ነው፤ አታስቸግሪው።"

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን የሰማሁትን ሰማሁ። በኛ መንደር፣ ስሙ እንዳይጠራ ሲፈለግ ጂንን "ነፋስ" የሚሉ ሰዎች ነበሩ። በማግስቱ ጆሮዬን ቀዳዳዋ ላይ ለጠፍኩ። ወላሂ፣ ያጉረመርማል! "ኡ…ኡ…" ይላል፣ ከውስጥ፣ ከጥልቅ። እጄን ባስጠጋ ትንፋሹ ይነካኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ ቤት መባሌ ሳያንስ የባሰ መጣ፤ ባለጂን ሆንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ስጠርግ ቁል ሁወላህን እየቀራሁ፣ ጀርባዬን ሳልሰጣት ነበር የምጠርገው።

ጦርነቱ የደረሰብን በዚያ ክረምት ነው። መጀመሪያ ሰው ከወልድያ በኩል መጣ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ በግ የሚነዳ። ከዚያ ከባድ መሣሪያ። በጮኸ ቁጥር እርግቦቹ በአንድ ጊዜ ግር ብለው ይነሱና ግንቡን ዞረው ዞረው ይመለሳሉ። አባቴ ብርቱካን ጭኖ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀረ። ግማሹ መንደር ወደ ደሴ ሄደ። እናቴ ጓዝ ጠቅልላ ነበር፤ እመው ሞሚና ግን ከበርጩማቸው ንቅንቅ አላሉም።

"እናንተ ሂዱ" አሉ። "እኔን ለእርግቦቹ ተዉኝ። ደሴ ላይ ማን ያውቀኛል?"

"እመው፣ አንቱን ጥለን?" አለች እናቴ።

"ታዲያ አትጣሉኛ!"

ተቀመጥን። ጎረቤታችን አያ ደምሴም ከነሚስቱ ተቀመጠ። አያ ደምሴ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዶ እኛ ዘንድ የከረመ ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ ለፋሲካ እኛ እንሄዳለን፣ ለአረፋ እሱ ይመጣል። እጁ ሥራ ያውቃል፤ የተሰበረ ነገር ካየ ሳይጠግን አያልፍም። ይህ ጠባዩ በኋላ ሊጨርሰን ነበር።

ታጣቂዎች መንደሩ ውስጥ ገቡና እህል ፍለጋ ቤት ለቤት ዞሩ። ከመንገዱ ሆነው ግንቡን አዩት። ምን መስሎ እንደታያቸው መናገር አያስፈልገኝም። እየተቻኮሉ መጡ።

"ይህ ጎተራ ምን አለው?" አለ አንዱ፣ ረጅም ቀጭን ጎረምሳ።

"እርግብ" አሉ እመው ሞሚና፣ ከበርጩማው ሳይነሱ።

"በጡብ የተሠራ የእርግብ ቤት? ማንን ነው የምታታልዪው? ክፈቺ!"

"ልጄ፣ እኔ መውጣት አልችልም። አንተ ጎበዝ ነህ፣ ክፈተው።"

እናቴ ክንዴን ጨምቃ ይዛኝ ነበር። ጎረምሳው ተንጠልጥሎ በሯን በርግዶ ራሱን አስገባ። የእርግቡ መንጋ በሙሉ ፊቱ ላይ ወረደ! ክንፍ፣ ላባ፣ አቧራ፣ ከላይ ደግሞ የሚዘንበው ሁሉ ዘነበበት። እየጮኸ ወደ ኋላ ወደቀ። ጓደኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት መሣሪያውን ተደገፈ። ከጀርባ ያለችውንም መዝጊያ ከፈቱ፤ የወራት ኩስ እግራቸው ላይ ተናደ። ሄዱ። ጎረምሳው እስከ መንገዱ ድረስ ትከሻውን ሲያራግፍ ይታየኛል።

እኛ እፎይ ስንል እመው ሞሚና አሰቡ። ከንፈራቸውን ካላመጡ ነገር እንዳሰቡ አውቃለሁ።

"ከድጃ" አሉ ለእናቴ፣ "አሁን ይህ ቤት ተፈተሸ አይደል?"

"ተፈተሸ እመው፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ኩስ እንደሆነ አወቁ አይደል?"

"አወቁ።"

"እንግዲህ ማንም ሁለተኛ አይከፍተውም። ዘሩን አምጡ።"

የምትበላው እህል ቢወሰድብህ ትለምናለህ፣ ትበደራለህ፣ ዘመድ አለህ። ዘሩ ከተወሰደ ግን የከርሞ ዓመት ራሱ ተወሰደ ማለት ነው። የኛ ማሽላ ደግሞ ገበያ ላይ የሚገኝ ማሽላ አይደለም። ጅጉርቴው፣ ደገሊቱ፣ ከአባት ልጅ እየተመረጠ የመጣ፣ ይህን መሬትና ይህን ፀሐይ የለመደ ነው። ግራና ገበያ ሄደህ "የአባቴን ዘር ስጡኝ" አትል። በየቤቱ በማድጋ፣ ከአልጋ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ታጣቂዎቹም መሬቱን በዘንግ እየወጉ ጉድጓዱን ማግኘት ለምደዋል።

አመጡ። ድሮ ቅርጫቱ ከኛ ግቢ ኩስ ሞልቶ ይወጣና ባዶውን ይመለስ ነበር፤ አሁን ተገለባበጠ። ሴቶቹ በጠራራ ፀሐይ፣ በታጣቂዎቹ ፊት፣ ቅርጫት ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከላይ ኩስ፣ ከሥር ዘር። "ምንድነው?" ሲሏቸው "ኩሱ አልተስማማንም፣ ልንመልሰው ነው" ይላሉ። ወሎዬ ቀልድ አያጣም! እኔና ሐያት ውስጥ ሆነን እንቀበላለን፤ በየስልቻው እያደረግን እናስራለን፤ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቀለም ክር አስሮበታል። የአያ ደምሴ ቀይ፣ የኛ አረንጓዴ። በወለሉ ክዳን እያወረድን ከታች ባለው ክፍል ደረደርነው። ጀርባ ባለችው መዝጊያ በኩል ኩሱን እንደ ግድግዳ አቆምነው። ሲያልቅ እመው ሞሚና ከበርጩማቸው ሆነው "የመንደሩ ነፍስ አሁን እኛ ቤት ናት" አሉ። ስለዚያ ክረምት ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህንን አልረሳም። ያ የተሳቀበት ግንብ፣ የመንደሩ ሁሉ ነፍስ!

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማሽላው እርሻ ላይ ነበር፤ የደረሰውን ማን እንደሚበላው አይታወቅም። ቤት ውስጥ ያለው እያለቀ ሄደ፤ ሽምብራ ቆሎ፣ ጎመን፣ ብርቱካን። ብርቱካን እስኪያስጠላኝ በላሁ። ግን አንድም ሰው መጥቶ "ከዘሬ ቆንጥሩልኝ" አላለም።

አንድ ቀን ወለሉን ስጠርግ የተበሉ እንቁላሎች ቅርፊት አገኘሁ። ለእመው ስነግራቸው "ሸለምጥማጥ" አሉና ፊታቸው ጠቆረ። ከግንቡ ጎን ያለው ግራር አድጎ ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ ደርሶ ነበር፤ ለካ በዚያ ነው የምትገባው። አያ ደምሴ ሰምቶ መጣ። ቅርንጫፉን ቆረጠ፤ ጥሩ አደረገ። ከዚያ ግን ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ሲመለከት የኔን ቀዳዳ አያት። እመው ሞሚና ያኔ ቤት ውስጥ ዙሁር እየሰገዱ ነበር።

"ይቺ ለምን ባዶ ሆነች?" አለኝ።

ምን ልበለው? ጂን አለበት ልበል?

"ሁልጊዜም ባዶ ናት አያ" አልኩት።

እጁን አስገባ። "ጀርባ የላትም! ይኸው፣ ወደ ታች ክፍት ናት። ሸለምጥማጧ በዚህ ወርዳ ዘሩን ከስልቻ ብታፈሰውስ?" ጭቃ በጭድ አቡክቶ ጥርቅም አድርጎ ደፈናት። የደምሴ ጭቃ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። "አብሽሪ" አለኝ ሲወርድ፣ ከኛው የለመደውን የአይዞሽ ቃል።

እኔማ ልሙት፣ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ጂኑ ታሰረ! ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠረግሁ፣ እያንጎራጎርኩ። ለእመው ሞሚና ስለ ቅርንጫፉ ነገርኳቸው፤ ስለ ቀዳዳዬ ማውራት ግን አልደፈርኩም፤ ጂኑ ከሰማኝ ማን አሰረኝ ሊል ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ነገሩ ተለወጠ። በባዶ እግሬ ክዳኑን ስረግጠው ሞቀኝ። ከዚያ በቀዳዳዬ ዙሪያ ያሉት ጡቦች ላይ ጠብታ አየሁ፤ ዝናብ የለ፣ ውኃ የለ፣ ጡቡ ግን ያልበዋል። ሽታውም ሌላ ሆነ፤ የኮመጠጠ ሊጥ የመሰለ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጉርምርምታ የለም። ጭጭ። አሃ፣ አልኩ፤ እያለቀሰ ነው። እንባው ነው የሚወርደው። ከታች እሳት አንድዷል፣ ሊጥ አቡክቷል፤ ሲወጣ አያ ደምሴን አይደለም የሚይዘው፣ ባለቤቲቱን እኔን ነው። ቁል ሁወላህን ቀራሁ፤ ላቡ አልደረቀም። ለሐያት ብነግራት ትስቅብኛለች። ሁለት ጊዜ እመው ሞሚና ጋ ሄጄ አፌን ከፍቼ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ፈነዳሁ። "እመው፣ አፉ በሉኝ፣ ማሩኝ፣ ጂኑ እያለቀሰ ነው!"

"የቱ ጂን?"

"በኔ ቀዳዳ ያለው። አያ ደምሴ ደፈነበት። አሁን ጡቡ እንባ ያወርዳል፣ ወለሉ ይግላል፣ ሊጥ ሊጥ ይሸታል…"

የእመው ሞሚና ሙስበሃ ከእጃቸው ወደቀ። ሲስቁብኝ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን፣ ታጣቂዎቹ በመጡ ቀን እንኳ አላየሁም።

"ያ ረቢ!" አሉ። "ዘሩ! ዘሩ አልቦታል! ከድጃ! ደምሴን ጥሪ! አንሡኝ!"

"እመው ጉልበትዎ…"

"ጉልበቴን ተዪና አንሺኝ አልኩ!"

እናቴ ከታች፣ አያ ደምሴ ከላይ ሆነው፣ እኔና ሐያት ደግሞ እግራቸውን ይዘን አስገባናቸው። ለዓመታት ያልገቡበትን የአባታቸውን ቤት ቀና ብለው እስከ ጣሪያው አዩት፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረም። በደረታቸው ተኝተው፣ በአያ ደምሴ መሮ፣ ያንን ድንጋይ የሆነ ጭቃ ደበደቡት። ተሰነጠቀ። ተፈነቀለ። ያኔ ከቀዳዳዬ ውስጥ ትኩስ ትንፋሽ "እፍ" ብሎ ወጥቶ ሻሻቸውን ከግንባራቸው አነሳው።

"ተንፍስ" አሉት፣ ሰው እንደሚያናግሩ። "ተንፍስ አባቴ፣ ተንፍስ።"

አያ ደምሴ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ። "እኔ ነኝ የገደልኳችሁ እመው።"

"ዝም በልና ስልቻ አውጣ!" አሉት።

የላይኞቹ ስልቻዎች ሞቀዋል፣ ረጥበዋል፤ ጥቂቱ ሻግቷል። የታችኞቹ ገና ደህና ነበሩ። ውጭ ማስጣት አይቻልም። እዚያው እርግቦቹ ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈን፣ የእያንዳንዱን ቤት ዘር ከነክሩ ለየብቻ አሰጣነው። ችግሩ እርግብ የማሽላ ወዳጅ ናት። ስለዚህ አስወጣናቸውና፣ እኔ የእርግብ ጠባቂዋ፣ በሸንበቆ እርግብ ሳባርር ዋልኩ! ከአናት ይገባሉ፣ አባርራለሁ፤ ይገባሉ፣ አባርራለሁ። በመጨረሻ ተናድደው ጣሪያው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከመንገድ የሚታይ ነገር ነበር።

ያ ረጅም ጎረምሳ ታየው። እመው ሞሚና ወርደው በርጩማቸው ላይ ተመልሰዋል፤ እኔ ውስጥ ሆኜ በበሯ ስንጥቅ አያለሁ። መጣና ቆመ።

"ወፎቹ ለምን አይገቡም?"

 እግሬ ሥር የመንደሩ ዘር ሁሉ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል።

"ልጅቷ ኩስ እየጠረገች ነው" አሉ እመው። "ዛሬ ሰው አጥተናል። ብትገባና ብታግዛት አላህ ይስጥህ፤ አንተ እንደሁ ቤቱን ታውቀዋለህ።"

አያቸው። ከዚያ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገ፣ ያ ቀን ትዝ እንዳለው። "ይቅርብኝ" አለና ሄደ። እመው ሞሚና መንገዱን እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። እኔ ግን ውስጥ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነበር።

ዘሩ ሲደርቅ ከየስልቻው ቆንጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልነው። ደህና ዘር እንደሆነ የሚታወቀው እንደዚያ ነው፤ ጥቂት ቀን ጠብቀህ ታየዋለህ። እመው ሞሚና ያን ሰሞን ጨርቁን ብብታቸው ሥር ይዘው ነበር የሚውሉት። ሊገልጡት ሲሉ ተዉትና ለኔ ሰጡኝ። ገለጥኩት። በቅሏል! ነጭ ነጭ ጭራ አውጥቷል፤ ቀይ ክሩም፣ አረንጓዴውም፣ ሁሉም። አያ ደምሴ መሬት ወርዶ ሳመ።

እመው ሞሚና ስለ ቀዳዳዬ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ሐጂ ይማም ግንቡን ሲሠሩ፣ ከታች በጠባብ ክፍተቶች አየር የሚገባበት፣ በአንዲት ቀዳዳ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ በግድግዳው ውስጥ አበጁ። ኩሱ ታምቆ እሳት እንዳይፈጥር ነበር። ያቺ ቀዳዳ ጀርባ የላትም፤ ነፋስ ስለሚያልፍባት እርግብ አትወልድባትም።

"ታዲያ ለምን ለኔ ሰጡኝ?" አልኩ። አልቅሼ ነበር መሰለኝ። "ስንት ቀዳዳ እያለ!"

"እኔ ነኝ የሰጠሁሽ" አሉ። "የኔ ነበረች። አባቴ ለኔ ሲሰጡኝ፣ 'ሌሎቹ ጫጩት ያሳድጋሉ፤ ሞሚና ግን ቤቱን ታስተነፍሳለች' አሉ። እኔም እንዳንቺ አልቅሻለሁ። ልጅ ሳልወልድ ስቀርማ፣ መንደሩ 'ቀዳዳዋን አያችሁ?' አለ። ያሉኝን ሰምቼ ዝም አልኩ። አንቺ ስትወለጂ ግን፣ ይቺን ላልባሌ አልሰጥም ብዬ ይዤልሽ መጣሁ። ዛሬ አየሽ?"

አየሁ። ምን ልበል፣ አየሁ እንጂ።

ታጣቂዎቹ ወጡ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ አባቴ ከስቶ መጣ። ዝናቡ ሲጥል መንደርተኛው እየመጣ ስልቻውን በየክሩ ወሰደ። ከደሴ የተመለሱትና ዘራቸውን ያጡትም መጡ፤ ከሁሉም ስልቻ እፍኝ እፍኝ ተቆንጥሮ ተሰጣቸው። እመው ሞሚና ግን ማንንም እንዲሁ አልለቀቁም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ "ይማም ለወፍ ግንብ" የሚለውን ያንን የድሮ ዘፈን እያንዳንዱን አዘፈኑት። ሽማግሌውም፣ ቄሱም ሳይቀሩ ዘፈኑ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር፤ አንገቴ እንዴት እንደረዘመ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ ዓመት ከመርሳ እስከ ግራና መንገድ ያለው የኛ ማሽላ ሰው የሚውጥ ሆነ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሐያት ልጅ ልነግራችሁ ነው። በስም ማውጫው ቀን ዱዓው አልቆ ቀዳዳ ወደ መስጠቱ ተደረሰ። እመው ሞሚና በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው፤ የሚሰጠው አሁን አባቴ ነው። "የሐያት ልጅ የእናቷን ትውሰድ፤ ጫጩት የማያጣት ናት" አለ።

ሐያት ልጇን እንዳቀፈች ወደኔ ዞረች። ያቺ "ባዶ ቤት" ያለችኝ ሐያት።

"ሐሊማ" አለች፣ "ያንቺን ስጭኝ።"

 እኔም ኮራ አልኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? ትንሽ አስለመንኳት። ደግማ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። የኛ ዘር እንዲህ ነው ብያችኋለሁ።

"ዘፈኑን ዝፈኚ" አልኳት።

ሳቀችና እየሳቀች ዘፈነችው፤ ልጇ ደረቷ ላይ እየተነቃነቀች። ሲያልቅ ሕፃኗን ተቀብያት በዚያች ከፍ ያለች በር አንገቴን ሰብሬ ገባሁ። ታችኛው ክፍል አሁን ኩስ አይጣልበትም፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ የመንደሩ ዘር ማስቀመጫ ሆኗል። በርከክ አልኩና ትንሿን እጇን በቀዳዳዬ ፊት ያዝኩ። ከታች፣ ከዘሩ፣ ለብ ያለው ትንፋሽ መጥቶ ጣቶቿን ሲነካት እጇን ዘረጋች።

"ስታድግ ለምን ባዶ ሆነ ብላ ብትጠይቀኝስ?" አለች ሐያት ከበሩ።

"ነፋስ ተከራይቶታል በያት" አልኩ። "ሌላውን እኔ እነግራታለሁ።"